የጭስ ወንዝ ወደ ባሕር

በሰኔና በሐምሌ፣ የደቡብ አፍሪካ ብርድ ሲጠና፣ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ባለችው በካትሌሆንግ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምባውላ መቀጣጠል ይጀምራል። ምባውላ ጎኑ በምስማር የተበሳሳ አሮጌ የቀለም ጣሳ ወይም በርሜል ነው። ከሥር ወረቀትና ፍልጥ ይገባበታል፤ ከላይ የድንጋይ ከሰል ይከመርበታል፤ እሳቱ ከታች ይለኮሳል። የታችኛው ነበልባል የላዩን ቀዝቃዛ ከሰል ሲያሞቀው፣ ከሰሉ ገና ሳይነድ በውስጡ ያለውን ቅባታም ጋዝ ይለቃል። ጋዙ የሚያቃጥለው እሳት በላዩ ስለሌለ እንዳለ ያመልጣል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ወፍራም ጭስ ሆኖ ከጣሳው አፍ ይንፎለፎላል። ፍሙ እስኪጠራ ድረስ ምባውላው ደጅ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቤተሰቡ የሚሞቀው።

በዚያ ሰፈር ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍቶ አንድ የብርድ ወራት ያሳለፈ ወገናችን ሁሉ ይህን ጭስ ያውቀዋል። ማታ የሱቁን መዝጊያ ሲስብ ልብሱ ላይ አለ፤ ጠዋት ዳቦ ሊቀበል ሲወጣ ከመሬት ሳይነሣ በቤቶቹ መካከል ተኝቶ ያገኘዋል። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭሱ ይነሣና ይጠፋል። ሰፈሩም ጠፋ ብሎ ይረሳዋል።

ነገር ግን ጭስ አይጠፋም። ካትሌሆንግ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አምባ ላይ ናት፤ በቅርቧ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በቀጥታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የዚህን ጭስ መድረሻ ያገኘው ፍለጋ ግን የጀመረው ከከተማ አይደለም። ከባሕር ላይ ነው፤ ያውም መቶ ሰባ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ሌላ ጥያቄ ይዞ።

በጥር 1832 (እዚህ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢግል የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ወደ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ተጠጋች። በመርከቧ ላይ የነበረው የ22 ዓመቱ ቻርልስ ዳርዊን ጠዋት ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። በምሰሶው ጫፍ ያለው የነፋስ ማሳያ ከስስ ጨርቅ የተሠራ ነበርና ነፋሱን አጥልሎ ደቃቅ ቡናማ ዱቄት ይዟል። ዱቄቱን ሰብስቦ በትንሽ ጥቅል አኖረው። በኋላም ከሌላ መርከብ የተገኙ ጥቅሎች ተጨምረውበት አምስት ሲሆኑ በርሊን ወደሚገኘው ወደ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ላካቸው።

ኤረንበርግ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር ግብፅን፣ ሱዳንንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየዞረ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቷል፤ ሄምፕሪሽም በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ታሞ ሞተ። ኤረንበርግ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ዕድሜውን በአጉሊ መነጽር ሥር በሚታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ጥናት ላይ አዋለ። ዳርዊን በላከለት ዱቄት ውስጥም 67 ዓይነት የረቂቃን ፍጥረታትና የዕፅዋት ቅሪት ቆጠረ። ከሁለቱ በቀር የሁሉም መኖሪያ ሐይቅና ወንዝ እንጂ ባሕር አልነበረም። እንግዲህ ከባሕር ላይ የተያዘው ዱቄት የየብስ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

የየትኛው የብስ? እዚህ ላይ ሁለቱ ምስክሮች ተለያዩ። ኤረንበርግ የአፍሪካ ብቻ መሆናቸውን ከሚያውቃቸው ዝርያዎች አንዱንም አላገኘም፤ ይባስ ብሎ በደቡብ አሜሪካ ብቻ የሚታወቁ ሁለት አገኘ። ዳርዊን ደግሞ ዱቄቱ የሚወርደው ነፋሱ ከአፍሪካ በኩል በሚነፍስባቸው ወራት መሆኑን ከመርከበኞች ማስታወሻ አየ፤ ነፋሱን አመነ። ልክ ነበር። ዛሬ የሰሃራ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ ባርባዶስና አማዞን እንደሚደርስ በየዓመቱ ይለካል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ግኝት ሁሉ የቆመው በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ብናኙ ከምን ተሠራ? ነፋሱስ ከየት መጣ? አንዱ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ቀጥሎ መቁጠር መጣ። ስኮትላንዳዊው ጆን ኤይትከን በ1880ዎቹ መጨረሻ በዓይን የማይታየውን ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ ሠራ። እርጥብ አየር በድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃው በየብናኙ ላይ ይጠራቀማል፤ ጠብታዎቹ በካሬ በተሰመረች ትንሽ የብር ሰሌዳ ላይ ይወርዳሉ፤ አንዱ ጠብታ አንድ ብናኝ ነው። በከተማ አየር ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከመቶ ሺህ በላይ ሲቆጠር፣ ከባሕር በሚመጣ ንጹሕ አየር ውስጥ ጥቂት መቶ ብቻ ተገኘ። የባሕር አየር ንጹሕ ነው የሚለው እምነት በቁጥር ታትሞ ለብዙ ዘመን ቆየ።

እነዚያ ጥቂት መቶዎች ግን ምንድን ናቸው? ጨው ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ጨው ግን አይተንም፤ እንዴት ሆኖ ወደ አየር ወጣ? መልሱን ያመጡት በአሜሪካ በዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይሠሩ የነበሩት አልፍሬድ ዉድኮክና ዳንካን ብላንቻርድ ናቸው። ዉድኮክ ትናንሽ የመስታወት ስባሪዎችን ከአውሮፕላን ውጪ በነፋሱ ፊት እየዘረጋ የጨው ቅንጣቶችን ይይዝ ነበር፤ ነፋሱ በበረታ መጠን መስታወቱ ላይ የሚገኘው ጨው እንደሚበዛ በ1953 አሳተመ። ብላንቻርድ ደግሞ አረፋውን ተከተለ።

አንዲት አረፋ ከውኃው ገጽ ላይ ስትፈነዳ ምን እንደሚሆን በፈጣን ካሜራ ማየት ያስደንቃል። በመጀመሪያ ስስ ክዳኗ ይቀደዳል፤ የተቀደደው ሽፋን ብዙ ረቂቅ ጠብታዎች ሆኖ ይበተናል። ክዳኑ ከሄደ በኋላ በውኃው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል። የጉድጓዱ ግድግዳ ከየአቅጣጫው ወደ መካከል ይሮጣል፤ መካከል ላይ ሲጋጭ መሄጃ ያጣና እንደ ቀጭን ምሰሶ ወደ ላይ ይተኮሳል። ምሰሶው ወዲያው ይበጣጠስና ጠብታዎች ይሆናል፤ የላይኛዋ ጠብታ ውፍረት ከአረፋዋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። ጠብታዋ አየር ላይ ስትደርቅ ጨው ትሆናለች፤ ጨው ብቻም አይደለችም። የባሕሩ ገጽ የሞቱ ረቂቅ ፍጥረታት ስብና ቅባት አለበትና አረፋዋ ያንንም ይዛ ትነሣለች። በየትኛውም ደቂቃ በውቅያኖስ ፊት ላይ የሚፈነዳውን አረፋ ለሚያስብ ሰው፣ ባሕሩ ራሱ ትልቅ የብናኝ ምንጭ መሆኑ ይገለጥለታል።

ሒሳቡ ግን አልሞላም። ከባሕር በላይ በተያዙት ብናኞች ውስጥ ከጨው ሊመጣ ከሚችለው በላይ ሰልፌት ነበረ። ጄምስ ላቭሎክ በ1971 እና 72 ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ በሄደችው ሻክልተን በተባለች መርከብ ላይ ባደረገው ልኬታ፣ ረቂቅ የባሕር ዕፅዋት የሚያወጡትን የድኝ ጋዝ በየደረሰበት አገኘ። ጋዙ አየር ላይ ወደ ሰልፌት ይለወጣል፤ ሰልፌቱም የደመና ጠብታ መነሻ ይሆናል። በ1987 ላቭሎክና ሦስት ባልደረቦቹ ከዚህ ተነሥተው ባሕሩ በደመና አማካይነት የራሱን ሙቀት ሊቆጣጠር ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከተመረመረ በኋላ ግን ማስረጃው አልደገፈውም።

እስከዚህ ድረስ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ውቅያኖስ የንጹሕ አየር ምሳሌ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፋብሪካው ያለው በሰሜን ነው፤ ደቡቡ ውኃ ነው፤ ምን ሊቆሽሽ ይችላል ይባል ነበር። በ1980ዎቹ የናሳው ጃክ ፊሽማን ከሳተላይት የተገኘውን የኦዞን ልኬታ ይዞ ቀላል መቀነስ ሠራ፤ ከጠቅላላው ኦዞን ላይ የከፍተኛውን ሰማይ ሲያነሣ የሚቀረው እኛ የምንኖርበት የታችኛው አየር ኦዞን ነው። ይህ ኦዞን ከጭስ ጋር በሚወጡ ጋዞችና በፀሐይ ብርሃን የሚፈጠር ነው። ካርታው ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት ደምቆ የታየው ቦታ በደቡብ አትላንቲክ ላይ፣ በአፍሪካና በብራዚል መካከል፣ ሰው የማይኖርበት ውኃ ነበር።

ፊሽማን ያየው እውነት መሆኑን ለማወቅ በ1992 ሁለት ዘመቻ በአንድ ጊዜ ተካሄደ። አንዱ በናሳ አውሮፕላን ከባሕሩ በላይ ይበር ነበር፤ ሁለተኛው ሳፋሪ 92 የተባለው በደቡባዊ አፍሪካ ሣር ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ በክሩገር ፓርክ የተመደበ መስክ እያቃጠሉ ጭሱን ከምንጩ ለኩ። የባሕሩ ኦዞን በእርግጥም በአብዛኛው ከሰደድ እሳት የመነጨ መሆኑ ተረጋገጠ፤ አፍሪካም ደቡብ አሜሪካም ድርሻ ነበራቸው።

ለካትሌሆንግ ትልቁን መልስ የሰጡት ግን በዚያው ዘመቻ ውስጥ ነፋሱን የያዙት ሰዎች ናቸው። በጆሃንስበርግ የዊትስ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ታይሰንና የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋርስታንግ ከየጣቢያው በፊኛ የተላኩትን የሙቀት ልኬታዎች ሰብስበው ሲመለከቱ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣባቸው። ዝናብ በሌለባቸው ቀናት አየሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀዘቀዘ መሄዱን የሚያዘገዩ ወይም የሚያቋርጡ ንጣፎች አሉ፤ አንደኛው ከባሕር ወለል 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌላው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። በእነዚህ ንጣፎች ላይ አየሩ እንደ ሌላው ቦታ አይቀዘቅዝም፤ አንዳንዴም ከሥሩ ካለው ይልቅ ሞቅ ይላል። ከታች የሚነሣው ጭስ እዚያ ሲደርስ መውጣት ያቅተዋል፤ በድስት ክዳን ሥር እንደተያዘ እንፋሎት ወደ ጎን ይሰፋል። ንጣፎቹ ደግሞ ለሰዓታት ብቻ የሚታዩ አይደሉም፤ ለቀናት ይቆያሉ፣ ከአገር አገር ይዘረጋሉ።

በነሐሴ ወይም በመስከረም ከቦሌ ተነሥቶ በኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈ ሰው ይህን በመስኮት አይቶታል። አውሮፕላኑ ሲወርድ ሰማያዊው አየር በቀጥታ መስመር ያበቃል፤ ከመስመሩ በታች ቡናማ ነው። ያ መስመር የታይሰንና የጋርስታንግ ንጣፍ ነው።

የሌሊቱ ጭስ ታሪክ እዚህ ላይ ከትልቁ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ሌሊት መሬቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ከቤቶቹ ጣሪያ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ዝቅተኛ ክዳን ይሠራል፤ ምባውላው የሚያወጣው ሁሉ በዚያ ሥር ይቀራል፣ ሕፃን ሽማግሌው ይተነፍሰዋል። በአካባቢው ያሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጭስ ማውጫ ግን ረጅም ነው፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የዱቭሃ ማመንጫ ጭስ ማውጫ 300 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ የእነሱ ጭስ ከሌሊቱ ክዳን በላይ ይወጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የታችኛውን ክዳን ስታፈርሰው የሰፈሩ ጭስ ወደ ላይ ይነሣና የማመንጫዎቹን ይቀላቀላል። ሁለቱም ከ3 ኪሎ ሜትሩ ንጣፍ ሥር ይያዛሉ። በዚያ ወራት በክፍለ አህጉሩ ላይ የሚቀመጠው ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ከሰዓት ተቃራኒ እየዞረ ጭሱን ያዞረዋል፤ አንዳንዱ ወደ ተነሣበት ምድር ተመልሶ እንደገና ይዞራል። በመጨረሻ አብዛኛው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል፤ ከሰሜኑ የሳቫና እሳት የሚነሣው ደግሞ በአንጎላ ዳርቻ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚሄድበት መንገድ አለው።

በ1999 ታኅሣሥ ቴራ የተባለችው ሳተላይት ተላከች፤ በ2000 ደግሞ የሳፋሪ 2000 ዋናው ዘመቻ ተካሄደ። ከመሪዎቹ አንዱ የዊትሱ ሃሮልድ አኔጋርን ነበር፤ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች የከሰል ጭስ ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ላይ ተሰማሩ። በመስከረም መጀመሪያ ላይ ከዛምቢያ፣ ከዚምባብዌና ከአጎራባቾቻቸው እሳት የተነሣው ጭስ በጠባብ መስመር ተሰብስቦ በደቡብ አፍሪካ ላይ አልፎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲፈስ በሳተላይትም በአውሮፕላንም ታየ። ተመራማሪዎቹ የጭስ ወንዝ አሉት። ወንዙ ካትሌሆንግ ባለችበት፣ ሃይቬልድ በሚባለው አምባ በኩል ሲያልፍ የማመንጫዎችንና የሰፈሮችን ጭስ እየተቀበለ ይሄዳል።

ታዲያ ከተቀላቀለ በኋላ የማን ጭስ የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል? የኤረንበርግ ጥያቄ በአዲስ መሣሪያ ተመለሰ። በአውሮፕላኖቹ የተያዙትን ቅንጣቶች ሚሃይ ፖሽፋይ፣ ጂያ ሊና ፒተር ቡሴክ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ተመለከቱ። ገና ከእሳቱ በወጣ የሣር ጭስ ውስጥ ጠርዙ የተስተካከለ የፖታሲየም ክሎራይድ ክሪስታል አለ፤ ሣሩ ከአፈር የሳበው ፖታሲየም ነው። ጭሱ በአየር ላይ ሲቆይ ክሎራይዱ ይሄድና በምትኩ ሰልፌትና ናይትሬት ይገባል። ስለዚህ ቅንጣቱ ምንጩን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ይናገራል። ከዚሁ መካከል ድቡልቡል የሆኑ፣ ከካርቦን የተሠሩ የሬንጅ ኳሶች ተገኙ፤ ከዚያ በፊት በሚገባ ያልተገለጹ ነበሩ። ጥላሸቱ በሰንሰለት የተያያዙ ጥቃቅን ዶቃዎች ይመስላል። ከማመንጫ የሚወጣው አመድ ደግሞ በምድጃው ሙቀት ቀልጦ የጠነከረ ክብ ብርጭቆ ነው፤ አሉሚኒየምና ሲሊከን አለበት። የባሕር ጨው በሶዲየሙ ይታወቃል። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከማደንቀው ሥራ ይህ አንዱ ነው፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከብዙ ምንጭ ጋር የተቀላቀለን ጭስ በትዕግሥት ቅንጣት በቅንጣት ለይቶ ማወቅ።

በዚያው በ2000 ስቱዋርት ፒኬት፣ ታይሰንና ዊል ስቴፈን ሌላ ሐሳብ ጨመሩ። ከደቡባዊ አፍሪካ የሚወጣው ብናኝ ብረት ስላለበት፣ ብረት በሚያጥረው በደቡባዊ ሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን ረቂቅ ዕፅዋት ሊመግብ ይችላል አሉ። ይህ የጭሱ ጥፋት ማካካሻ ተደርጎ እንዲወሰድ አልፈልግም። ጭሱ ወደ ባሕር ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በሰው ሳንባ ውስጥ ነው።

ሊቀንስ እንደሚችልም ይታወቃል። ባሳ ንጄንጎ ማጎጎ በተባለው ዘዴ ከሰሉ ከታች፣ ወረቀትና ፍልጡ ከላይ ይሆንና እሳቱ ከላይ ይለኮሳል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ ለማለፍ ስለሚገደድ ይቃጠላል፣ ጭሱም በእጅጉ ይቀንሳል። በ2003 ኦሬንጅ ፋርም ላይ ለነዋሪዎች ቀርቦ ተሞክሯል። ለዚህ የሚወጣ አንድ ሳንቲም የለም። የማመንጫዎቹ ጉዳይ ግን በምባውላ አያያዝ አይፈታም። ካትሌሆንግ የምትገኝበት ኤኩርሁሌኒ በ2007 አየሩ ልዩ ጥበቃ ይሻል ተብሎ በታወጀው የሃይቬልድ ክልል ውስጥ ነው፤ በመጋቢት 2022 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያ ክልል ያለው የአየር ብክለት ጤናን በማይጎዳ አካባቢ የመኖር ሕገ መንግሥታዊ መብትን የሚጥስ መሆኑን ፈረደ።

ባሕሩ ላይ ያለው ፍለጋም አላበቃም። ከ2016 ሰኔ እስከ 2017 ጥቅምት አንድ የአሜሪካ ቡድን ከአፍሪካ ዳርቻ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በአሴንሽን ደሴት ላይ መሣሪያ ተክሎ ያለማቋረጥ ለካ። እዚህ የሚደርሰው በአንጎላ መንገድ የሚወጣው የሳቫና ጭስ ነው፤ የካትሌሆንግ አይደለም። ይጠበቅ የነበረው ጭሱ ከደመናው በላይ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ነበር። የማያሚ ዩኒቨርሲቲዋ ፓኪታ ዙይደማና ባልደረቦቿ ያገኙት ግን ከደመናው በታች፣ አረፋው በሚፈነዳበትና ጨው በሚነሣበት በዚያው የባሕር ፊት አየር ውስጥ ጭስ ብዙ ጊዜ መኖሩን ነው። ያም ጭስ ከተገመተው ይልቅ የጠቆረ ሆነ። በ2000 አውሮፕላኖች በአፍሪካ ዳርቻ የለኩት ያረጀ ጭስ ከሚያገኘው ብርሃን አንድ አሥረኛ ገደማ ይውጥ ነበር፤ በአሴንሽን የተለካው አንድ አምስተኛ ገደማ ይውጣል። በመንገድ ላይ ቅባታማው ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ ጥላሸቱ ይቀራልና። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ብርሃን የሚውጥ ጭስ አየሩን ያሞቃል፤ ደመናው በዚያ ሙቀት ሊሳሳም ሊወፍርም ይችላል፤ የሚወስነውም ጭሱ ከደመናው በላይ ወይም በውስጡ መሆኑ ነው። የአየር ንብረት ስሌት የሚሠሩ ሰዎች በደቡብ አትላንቲክ ላይ ጭሱን የሚያስቀምጡበትን ከፍታም፣ የሚሰጡትን ጥቁረትም እንደገና ማየት ግድ ሆነባቸው።